እልልታ፦ የታላቅ ደስታ ቃልና ሞገድ

አማርኛ ደስታን በደረጃ ይሰፍራል። ደስ ያለው ሰው ፈገግ ይላል፤ ደስታው ሲጨምር ይፍነከነካል፤ ከዚያም ሲያልፍ ይፈነድቃል፣ ይፈነጥዛል፣ ጮቤ ይረግጣል። ከግእዝ የወረስናቸው «ሐሴት» እና «ፍሥሐ» ደግሞ የመንፈስን ደስታ ይገልጻሉ። እነዚህ ሁሉ ስለ ደስታ የሚናገሩ ቃላት ናቸው። እልልታ ግን ደስታው ራሱ ድምፅ ሆኖ የሚወጣበት ቃል ነው።

ለመሆኑ እልልታ ከሩቅ የሚሰማው ስለ ምን ይሆን? ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የሐይቅን ከተማ፣ ስሟንም ያገኘችበትን ውኃ በምሳሌነት እንውሰድ። በአንደኛው ዳርቻ ሠርግ አለ እንበል። 2 ኪሎ ሜትር ርቆ በማዶ የቆመ ሰው የሠርገኛውን ንግግር ሳይሰማ እልልታውን ሊለይ ይችላል። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የሰው ጆሮ ይበልጥ የሚነቃው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ድግግሞሽ ላላቸው ድምፆች ነው። እልልታ ቀጭን ድምፅ በመሆኑ ተደራቢ ሞገዶቹ በዚህ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ሁለተኛ፣ ምላስ በፍጥነት ስትርገበገብ ድምፁን ስለምትቆራርጠው ከነፋስና ከውኃ ሹክሹክታ ጋር አይደባለቅም። ሦስተኛ፣ ድምፅ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሴኮንድ 337 ሜትር ያህል፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በውኃው ላይ ያለው አየር ከታች ቀዝቀዝ፣ ከላይ ሞቅ ሲል የሞገዱ የላይኛው ክፍል ስለሚቀድም ሞገዱ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ወደ ሰማይ በመበተን ፈንታም ውኃውን ተከትሎ ማዶ ይደርሳል። ጉዞው 6 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል።

እልልታ መልእክትም ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ልጅ ሲወለድ ጎረቤት እልልታውን ይቆጥራል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ በልማድ ለወንድ ልጅ የሚሰማው ለሴት ከሚሰማው ይበልጣል። ሰሚውም ሳይጠይቅ የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት ያውቃል። ብልህ የመልእክት ዘዴ መሆኑን አንክድም።

ይሁን እንጂ ሞገዱ ማንን እንዳበሠረ አያውቅም። ለሴት ልጅ የተሰማው እልልታም ያንኑ 2 ኪሎ ሜትር በዚያው 6 ሴኮንድ ያቋርጣል። ልዩነቱ ያለው በአየሩ ሳይሆን በእኛ በቆጣሪዎቹ ዘንድ ነው። ለደስታ ይህን ያህል ቃል ያበጀን ሕዝብ ከቃላቱ ሁሉ የላቀውን ለሴት ልጃችን ቆጥበን ልንሰጣት አይገባም።