ሦስት ማይክ፣ አንድ ባዶ ወንበር

«ጋሼ፣ እስቲ ይስሙትና ሳይደብቁ ይንገሩኝ» ብለህ የላክህልኝን የፊልም ፖድካስታችሁን ሦስቱንም ክፍል ሰማሁ። አንዱን ቤቴ ሆኜ፣ ሁለቱን ከመገናኛ ፒያሳ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ። አንዴ ሳላስበው ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አለችብኝ፤ ይህን ከምስጋና ቁጠርልኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስታችሁ ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ ስትስቁ፣ ምን እንዳሳቃችሁ ሳይገባኝ አራት ኪሎን አለፍኩ። ከዚህ በታች የምጽፍልህ አብዛኛው ነገር የመጣው ከዚያች መንገድ ነው።

1. ለእኔም ወንበር አስቀምጡልኝ። እናንተ ሦስት ብትሆኑም የሚሰማችሁ ሰው አራተኛ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ መናገር የማይችል አራተኛ። አንዱ «ያ የቢሾፍቱው ጉድ!» ሲል ሁለታችሁ ትፈርሳላችሁ። እኔ ቢሾፍቱ አልነበርኩም። ሰርግ ቤት ከሙሽራው አብሮ አደጎች ገበታ ላይ በስህተት እንደተዳበለ እንግዳ፣ ሲስቁ ፈገግ እያልኩ ጠላዬን እጠጣለሁ። የቢሾፍቱን ነገር በሁለት ቃል አጫውቱኝና አብሬያችሁ ልሳቅ። ለሰው የማይነገር ከሆነም ኤዲት ስታደርጉ ቁረጡት።

2. ፊልሙን እዩት። እስከ መጨረሻው፣ ቢቻል ሁለቴ። በልጅነታችን ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች ብቻ አይቶ ፊልሙን ከነሙዚቃው የሚተርክልን የሰፈር ልጅ ነበር። «ሾላይ»ን ሳያየው ሦስት ቀን ሙሉ አጫወተን። ሳንቲም አዋጥተን ስንገባ ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፤ እሱ ከነገረን ውስጥ ግን ፈረሱ ብቻ ተገኘ። ለእሱ ያምርበት ነበር፤ ተሰጥኦው ነው። ለእናንተ አያምርም። ስለ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ስታወሩ አንዱ ጓደኛህ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ መሸለሙን እንደ ውኃ አወረደው። አንበርብር እግሩን እንዴት እንዳጣ ስትጠይቀው ግን ሳቀና አለፈ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃውን አላየውማ! የሽልማት ዝርዝር ማንም ከስልኩ ያነበዋል። እኔ የምፈልገው የት ጋ እንዳዛጋህ፣ የት ጋ ጉሮሮህ ላይ ነገር እንደተሰነቀረብህ፣ ሰው የማይስቅበት ቦታ ላይ ለምን እንደሳቅክ ነው። ደብተር ይዘህ ተቀመጥ።

3. በፊልም ሙድ መያዝ ይቻላል፤ ግን ሥርዓት አለው። አሜሪካኖቹ እዚህ ላይ ቆየት ብለዋል። ፖል ሺር የሚባል ኮሜዲያን ከሚስቱ ከጁን ዳያን ራፋኤልና ከጓደኛቸው ከጄሰን ማንዙካስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ፖድካስት ጀመረ። ስሙን ወደ እኛ ብንመልሰው «ይህ ነገር እንዴት ሊሠራ ቻለ?» እንደማለት ነው። ሥራቸው የከሸፈ ፊልም አይቶ መደነቅ ነው። እኔን የገረመኝ መጨረሻው አካባቢ ያስገቡት ነገር ነው፦ ሲቀልዱበት የቆዩትን ያንኑ ፊልም ከልባቸው ወደው አምስት ኮከብ የሰጡ ሰዎች አማዞን ላይ የጻፉትን ያነባሉ። መጀመሪያ ያስቃል። ቆይቶ ግን አንዷ እናት፣ አንዱ ወታደር ያንን ፊልም ለምን እንደወደደው ሲነበብ «ቆይ፣ ምናልባት...» ትላለህ። የተሰደበው ፊልም ጠበቃ ቆመለት ማለት ነው።

ከእነሱ የቀደመው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው «ዘ ፍሎፕ ሃውስ» ደግሞ ሦስት ዓይነት ፍርድ አለው፦ መጥፎና አሰልቺ፣ መጥፎ ግን የሚያዝናና፣ ሦስተኛው እንዲያውም የወደድነው። ከዚያ አቅራቢዎቹ እያንዳንዳቸው ሌላ ጥሩ ፊልም ለአድማጭ ጠቁመው ይለያያሉ። ይህቺን ብትወስዷት ማንም ሌባ አይላችሁም። እናንተ አፍርሳችሁ ብቻ ነው የምትሄዱት፤ አድማጩ ዛሬ ማታ ምን ይይ?

የእኛው አገር ፊልም ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሁለት ነገር አትርሳ። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ትንሽ ናት፤ የቀለድክበትን ዳይሬክተር በሚመጣው እሑድ ሰርግ ላይ ጎንህ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። መኪናውን ሸጦ ፊልም የሠራ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬም በታክሲ ነው የሚሄደው። ማይኩ ፍሬም ውስጥ ከገባ ሳቁበት፤ ያ ሥራ ነው። ሟች ሆኖ የተኛው ሰውዬ ሲተነፍስ ከታየም ሳቁበት። በተዋናይቷ ውፍረት ላይ ያባከናችሁት አራት ደቂቃ ግን ሥራ ላይ አይደለም፤ እኔም አልሳቅኩም። ሁለተኛ፣ የገጠር ሰው አነጋገር እየኮረጁ ማሳቅ ከእናንተ በፊት በቴሌቪዥንም በመድረክም እስኪታክተን ተሠርቶበታል። እናትህ ቡና ስታፈላ ያንን ክፍል ከፍተህ ፊቷን እየው።

4. ተጣሉ። ሦስታችሁም በሁሉም ነገር ተስማምታችሁ ቁጭ ካላችሁ አንዳችሁ ይበቃል። ጂን ሲስክልና ሮጀር ኢበርት የቺካጎ ሁለት ተፎካካሪ ጋዜጦች ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አንዱ የትሪቢዩን፣ ሌላው የሰን ታይምስ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቴሌቪዥን እየተናቆሩ፣ በኋላም አውራ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያደረጉ አሜሪካንን ሲኒማ ቤት ይልኩ ነበር። ብዙ ሰው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ጠባቸውን ሊያይ ነበር የሚቀመጠው። ጠቡ ግን የምር ነበር እንጂ ለካሜራ የተቀባ አልነበረም፤ የውሸት ጠብ ወዲያው ይታወቃል።

5. ደጃችሁ ያለውን ቁፈሩ። ስለ ማርቭል አንድ ሰዓት አወራችሁ፤ ስለ ማርቭል የሚያወራ ሰው በዓለም ላይ ጠፍቶ ነው? አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብላ የጠራች ከተማ ናት። ይህን የሚያህል የተዘጋጀ ቀልድ ማን ሰጥቷችሁ ነው? በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ ወጣት የነበሩ ሰዎች ዛሬም ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። የመንደር ቪዲዮ ቤቱንም አስታውሱ፦ ከፊት ቆሞ የካራቴውን ፊልም በራሱ አማርኛ የሚያስረዳ፣ ያልገባውን ከራሱ ጨምሮ የሚሞላ ሰው ነበር። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርኩን ድራማ በአማርኛ አናግሮ ሳሎናችን ሲያስገባ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያኛው ሰውዬ ደሞዝ አግኝቶ መሰለኝ። አያትህን የትኛዋን ገጸ ባሕርይ ትረግም እንደነበር ጠይቃት። ማይኩን ግን ቀስ ብለህ አስጠጋ፤ ካየችው «እንደምን ዋላችሁ፣ ክቡራን አድማጮች» ብላ ትጀምርልሃለች።

6. አሳጥሩት። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ! «ሾላይ» እንኳ እረፍት ነበረው።

7. ገንዘብ ሳይመጣ ስለ ገንዘብ ተነጋገሩ። የዩቲዩቡ ቁልፍ ቃል በማን እጅ ነው? ማስታወቂያ ቢመጣ ስንት በስንት ይካፈላል? አንዱ ቢያገባ፣ አንዱ ውጭ አገር ቢሄድ ስሙ የማን ይሆናል? እኔ ሃያ ዓመቴ ላይ ከአራት ጓደኞቼ ጋር የሰፈር ቴአትር አቋቁሜ ነበር። የተለያየነው በአንዲት የቲኬት መሸጫ ሣጥን ነው። ውስጧ የነበረው ብር ለአምስት ሰው ክትፎ አይበቃም ነበር። ከሁለቱ ጋር ዛሬም ድረስ ሰላምታችን በአንገት ነው። ወረቀት ላይ ጻፉትና ሦስታችሁም ፈርሙ፤ ማፈር አያስፈልግም።

8. ያ የሰፈራችን ልጅ፣ «ሾላይ»ን ሳያየው ያጫወተን፣ አሁን ሽሮ ሜዳ ሱቅ አለው። ልጅ እያለን ከኋላ ቆሞ የማይሰማ ልጅ ካየ ትረካውን አቁሞ «አንተ፣ ወደ ፊት ና!» ብሎ ጎትቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ውሸቱን ነው፣ ግን ሁላችንንም አስቀምጦ ነው የሚዋሸን። ትናንት ደውዬለት ስለ እናንተ ነገርኩት። «ምን ፊልም ነው የሚያወሩት?» አለኝ። የመጪውን ሳምንት ፊልማችሁን ስነግረው «አላየሁትም፤ ግን መጥቼ ልንገራቸው» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው እመጣለሁ።