የድሮ ፊልም ኪራይ ይከፍላል?

ሲኒማ ቤት ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አዲስ ፊልም የሚታይበትን ነው። ሪፐርቶሪ የሚባለው ግን የቆዩ ፊልሞችን እየመረጠ የሚያሳይ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለውን ኒው ቤቨርሊን እንውሰድ። ሸርማን ቶርጋን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳይበት ነበር፤ ፕሮግራሙም በየጥቂት ቀኑ ይቀየራል።

ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዲስ ፊልም የሚያሳይ ቤት አንዴ ኮፒውን ካስመጣና ፖስተሩን ከለጠፈ ለሳምንታት ይበቃዋል። እዚህ ግን ኮፒ መከራየቱ፣ ማጓጓዙ፣ ማስተዋወቁ በየሳምንቱ ከዜሮ ይጀመራል። ለባለመብቱም ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ክፍያ ስላለ ተመልካች መጣም ቀረም ይከፈላል። (ፈንዲሻውን የምንንቀው እኛ ነን እንጂ ባለቤቱ አይንቀውም፤ እሱ ላይ ባለመብት አይካፈልም።)

የህንጻው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ቶርጋን ተከራይ ነበር። በ2007 ሲሞት ቤቱ ሊዘጋ ተቃርቦ፣ ቀድሞም በገንዘብ ይደግፈው የነበረው ዳይሬክተር ኩዌንቲን ታራንቲኖ ህንጻውን ገዛው። በ2014 ፕሮግራሙንም ራሱ ያዘና በዲጂታል ሳይሆን በፊልም ጥቅል ብቻ እንዲታይ አደረገ።

ደስ ይላል፤ ግን «ሀብታም ዳይሬክተር ፈልግ» የሚባል የአስተዳደር ዘዴ የለም። ለእኔ የተሻለ የሚያስተምረው የኒውዮርኩ ፊልም ፎረም ነው። በ1970 በ50 ተጣጣፊ ወንበርና በአንድ ፕሮጀክተር ተጀምሮ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ከትኬቱ ሌላ በአባላትና በለጋሾች መዋጮ ይሠራል። አባሉ የዓመቱን መዋጮ የሚከፍለው ምን ፊልም እንደሚታይ ገና ሳያውቅ ነው፤ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ምሽት የመብራቱን የሚሸፍነውም ይሄው ብር ነው።