በእግር ወይስ በብስክሌት? ቀናችሁን ቁጠሩና ተነሡ

ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ፣ የፒሬኔን ተራሮች ተሻግሮ፣ ሰሜን ስፔንን ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድረሻው የዘብዴዎስ ልጅ የሐዋርያው ያዕቆብ ዐፅም እንዳረፈበት የሚታመነው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ነው። በእግር ከ30 እስከ 35 ቀን፣ በብስክሌት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

“አምስት ሳምንት ፈቃድ ማን ይሰጠኛል? በብስክሌት መሄድ ደግሞ ጉዞውን ማቃለል ነው” እያለ ዓመት ከዓመት የሚያሳልፍ ሰው ብዙ ነው። ወዳጆቼ፣ ይህ ሐሳብ አያስራችሁ። የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ፣ ወይም 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት የተጓዘ ሰው በየመንገዱ ማኅተም ያስመታበትን ደብተር አሳይቶ የሚቀበለው ምስክር ወረቀት አንድ ነው።

ቀን ለተረፈው ግን እኔ የምመክረው በእግር ነው። ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል፣ ትከሻ በቦርሳ ይላጣል፤ እሱ አይቀርም። ማታ አብሯችሁ ሾርባ የጠጣውን ሰው ግን በማግስቱ ጫማውን አውልቆ ምንጭ ዳር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዘመድ ትሆናላችሁ። ብስክሌተኛ የትናንት ወዳጁን ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ትቶት ነው የሚያድረው። ስለቱን ይዞ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የደረሰ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ መንገዱ ራሱ የጸሎቱ ክፍል ነው።

ብስክሌትም ቢሆን የሰነፍ መንገድ አይደለም። ተጓዦች ከአገራቸው ይዘው የመጡትን ድንጋይ የሚያኖሩበት የብረት መስቀል የቆመው 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ያንን ዳገት ፔዳል እየረገጠ የወጣ ሰው በላቡ ነው የወጣው። ከዚያ እስከ ሞሊናሴካ ድረስ 900 ሜትር ያህል ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ጣቶቹ ፍሬኑ ላይ ይደነዝዛሉ፣ ፍሬኑ ይግላል፣ በየመሀሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ አለበት። እግረኛውም እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው ጉልበቱን የሚያመው።

መንገዱ ይጠፋናል ብላችሁ አትስጉ። በመንገዱ ላይ ያለችው የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ ኤሊያስ ቫሊኛ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቢጫ ቀለም ይዘው ቀስት መሳል ጀመሩ፤ ዛሬ ያ ቀስት በየድንጋዩና በየግድግዳው ላይ እየመራ ሳንቲያጎ ያደርሳችኋል። ተጓዡን ሁሉ አሁንም የሚመራው አንድ ቄስ በብሩሽ የጀመሩት ሥራ ነው።

እንግዲህ ቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። አምስት ሳምንት ካላችሁ ከሴን ዣን በእግር ጀምሩ፤ ሁለት ሳምንት ካላችሁ ብስክሌታችሁን አዘጋጁ። ያላችሁ አንድ ሳምንት ብቻ ነው? ከሳሪያ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር፣ አለዚያም ከሌዮን 310 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት ይበቃል። የዕረፍት ፈቃዳችሁን ነገ ጠዋት ጠይቁ።