ኮሌጅ ለመግባት ስለሚተጉ ተማሪዎችና ስለ ጊዜ አከፋፈል

ተማሪ ሆይ፤ በኢትዮጵያ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በተለይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በአሜሪካ ግን ብዙዎቹ ኮሌጆች ተማሪው ከክፍል ከወጣ በኋላ ምን ሲሠራ እንደሚውል ደግሞ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዚያ ከሚያድጉት የወገኖቻችን ልጆች አያሌዎቹ ሰኞ ኳስ፥ ማክሰኞ ክርክር፥ ረቡዕ ሙዚቃ እያሉ ይሮጣሉ፤ መጽሐፋቸውን የሚገልጡት በእኩለ ሌሊት ነው፤ በማግሥቱም በመምህሩ ፊት ያንቀላፋሉ።

ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት፥ ኮመን አፕሊኬሽን የሚባለው የማመልከቻ ቅጽ፥ ለእነዚህ ሥራዎች 10 ስፍራ ይሰጣል። ተማሪውም አሥሩን ሁሉ መሙላት ግዴታ ይመስለዋል። ግዴታ ግን አይደለም። ኤም አይ ቲ የተባለው ዝነኛ ትምህርት ቤት በራሱ ቅጽ የሚጠይቀው ከ4 የማይበልጥ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከሃርቫርድ የወጣ አንድ ጽሑፍም ተማሪ ከሁለት ወይም ከሦስት የሚበልጥ ሥራ ለመቍጠር እንዳይጨነቅ መክሯል።

ደግሞ ቅጹ ስለ እያንዳንዱ ሥራ በሳምንት ስንት ሰዓት፥ በዓመት ስንት ሳምንት ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ እንቍጠር። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ብትተኛ 56 ይሄዳል፤ በትምህርት ቤት በቀን 7 ሰዓት ብትውል 35 ይሄዳል። የቀረው 77 ነው፤ ከዚህም መብል፥ መንገድና የቤት ጥናት ይወጣሉ። አሥር ሥራ ጽፎ ለእያንዳንዱ 8 ሰዓት የሰጠ ልጅ 80 ሰዓት ሠራሁ ማለቱ ነው! አንባቢውም መደመር ያውቃል። ልጁ ምናልባት ሊዋሽ አላሰበም፤ ባዶውን መስመር አፍሮበት ነው። ነገር ግን በማመልከቻው መጨረሻ የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ በስሙ ይፈርማል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። እናቷ የሌሊት ተረኛ የሆነች ልጅ ታናናሾቿን ታበላለች፥ ታስተኛለች፥ በሐኪም ፊት ለአያቷ ታስተረጕማለች። ቅጹ ፊት ስትቀመጥ ግን «እኔ ምንም አልሠራሁም» ትላለች። በቅጹ ውስጥ የቤተ ሰብ ኃላፊነት የሚል ክፍል በግልጥ ተጽፎ ሳለ! በደመወዝ የተሠራ ሥራም፥ በቤተ ክርስቲያን መዘመርም ስፍራ አላቸው።

ስለዚህ ባትጠየቅም የምትሠራውን ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ያዝ። የቀረውን ስትተው በስውር አትጥፋ፤ ወደ አሠልጣኙ ወይም ወደ መምህሩ ሄደህ ጊዜው ሳይደርስ ንገረው፥ በስፍራህ ሌላ እንዲያገኝ።

እናንተም አባቶችና እናቶች፥ «የእገሌ ልጅ በስድስት ማኅበር ነው» ብላችሁ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት፥ ትናንት ሌሊት በስንት ሰዓት እንደ ተኛ ጠይቁት።