ጓሮ የተገኘው እባብ መርዛማ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ጓሮ ከከመርነው እንጨት ሥር ቡናማ እባብ አየን። ልጆች አሉን፤ ምን እናድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ልጆቹን ወደ ቤት አስገቡ። በእናንተ አካባቢ የሚያሰጋው መርዛማ እባብ ኮፐርሄድ ነው፦ ጭንቅላቱ መዳብማ፣ ምልክቶቹ ጀርባው ላይ ጠባብ፣ ጎኑ ላይ ሰፊ ናቸው። የግልገሉ ጅራት ጫፍ ቢጫ ነው። ረጅሙ ጥቁር አይጥ በል እባብ ግን መርዝ የለውም፤ ተዉት።

በዱላ አትጠጉት፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነደፈው ሊገድል ወይም ሊይዝ ሲሞክር ነው። ከሩቅ በጎማ ውኃ እርጩት፤ ካልሄደ ፈቃድ ያለው የዱር እንስሳት ባለሙያ ጥሩ። ከነደፈ 911 ደውሉ፤ ቁስሉን አትብጡ፣ አትሰሩ፣ በረዶም አታድርጉ። በኋላ እንጨቱን ከቤት አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት።