ጠያቂው ሚስተር አሌክስ ትሬቤክ

የጥያቄና የመልስ ውድድር ለእኛ ለተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ተወዳዳሪዎች ተመርጠው ከፊታችን ሲቀመጡ የሁላችንም ዐይን የሚያርፈው በሚመልሱት ላይ እንጂ ጥያቄውን በሚያነበው ሰው ላይ አይደለም። ነገር ግን ጠያቂው ቃል ቢያዛባ፥ ለአንዱ በዝግታ ለሌላው በጥድፊያ ቢያነብ፥ ወይም መልሱን አስቀድሞ ለወዳጁ ቢያቀብል ውድድሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአንድ ጠያቂን ሕይወትና ሥራ ለመግለጽ አሰብሁ። እርሳቸውም በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ጄፐርዲ» የተባለውን ጨዋታ 36 ዓመት የመሩት ሚስተር አሌክስ ትሬቤክ ናቸው። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ሚስተር ትሬቤክ በጁላይ 22 ቀን 1940 በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፥ ሰድበሪ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ሰድበሪ ኒኬል የሚባለው ማዕድን የሚወጣባት፥ ብርዷ እጅግ የበረታ ከተማ ናት። አባታቸው ከዩክሬን የመጡ ስደተኛ ሲሆኑ በሆቴል ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር፤ እናታቸው ደግሞ ፈረንሳይኛ ከሚናገሩት ካናዳውያን ወገን ነበሩ። ስለዚህም ልጁ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን ገና በቤቱ ሳለ አጣምሮ ያዘ። በ13 ዓመቱም አባቱ በሚሠሩበት ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ እየተሸከመ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ።

ወጣት ሲሆኑ ወደ ጦር ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። ነገር ግን ጠጉርህን ተቆረጥ ቢሏቸው እምቢ ብለው በጥቂት ቀን ውስጥ ትተው ወጡ። (ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ የክፍል ጓደኞቼ እንዲከተሉት አይደለም።) ከዚያ በኋላ በኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምረው በ1961 ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሲ.ቢ.ሲ. በሚባለው በካናዳ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ገብተው ዜና፥ የአየር ሁኔታና የስፖርት ውድድር በሁለቱም ቋንቋ ማሰማት ጀመሩ። ሁለት ቋንቋ ማወቃቸው እንጀራ የሆናቸው ያን ጊዜ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚጥመን ቀጥሎ ያለው ሥራቸው ነው። ከ1966 እስከ 1973 «ሪች ፎር ዘ ቶፕ» የተባለውን ውድድር መሩ፤ ይህም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ቡድን አቁመው የሚጋጠሙበት ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ሚስተር ትሬቤክ ታላላቆቹን ሊቃውንት ከመጠየቃቸው በፊት እንደኛ ያሉትን ተማሪዎች ሲጠይቁ ኖረዋል ማለት ነው።

በ1973 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። እዚያ የጀመሩት የመጀመሪያው ጨዋታ ዓመት ያህል ቆይቶ ተቋረጠ፤ ከዚያም በኋላ ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ አሥር ዓመት አለፈ። ስማቸውን ለዓለም ያስጠራው ጄፐርዲ በሴፕቴምበር 1984 ሲጀመር ዕድሜያቸው 44 ነበር።

የዚህን ጨዋታ ጠባይ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹ ዓመታት አሜሪካውያን የጥያቄ ውድድር በቴሌቪዥን ማየት እጅግ ይወዱ ነበር። ከእነዚህም አንዱ «ትዌንቲ ዋን» ይባል ነበር። ቻርልስ ቫን ዶረን የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር በዚህ ጨዋታ በ1957 ዓመት 129,000 ዶላር አሸንፈው ዝናቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ዳሩ ግን በኖቬምበር 2 ቀን 1959 በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ይሰጣቸው እንደነበረ አመኑ። ሕዝቡ በጣም አዘነ፤ የተማረ ሰው ስም ለንግድ ተሸጦ ተገኝቷልና። መምህሩ የማስተማር ሥራቸውን አጡ። የጨዋታው መሪ የነበሩት ሚስተር ጃክ ባሪም ለብዙ ዓመታት ከታላላቆቹ ጣቢያዎች ርቀው ቆዩ። በ1960ም እንዲህ ያለውን ማታለል ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ወጣ።

ከዚህ በኋላ የጥያቄ ጨዋታን የሚያምን ሰው ጠፋ። ሚስተር ሜርቭ ግሪፊን የተባሉ አዘጋጅ ይህን በአውሮፕላን ውስጥ ለባለቤታቸው ቢያጫውቷቸው፥ «ታዲያ ለምን መልሱን አትሰጧቸውም?» አሏቸው። ሚስተር ግሪፊንም መልስ መስጠቱማ ነው ያሳሰራቸው ብለው ቢቃወሙ፥ ሚስትየዋ «5,280» አሉ። «በአንድ ማይል ውስጥ ስንት ጫማ አለ?» ሲሉ ባል መለሱ። ጨዋታው ከዚህ ተወለደ፤ በ1964 በሌላ መሪ ተጀምሮ እስከ 1975 ከቆየ በኋላ በ1984 በሚስተር ትሬቤክ እጅ እንደገና ተነሣ።

አደራረጉም እንደዚህ ነው። ሦስት ተወዳዳሪዎች ይቆማሉ። በሰሌዳው ላይ ስድስት ርእሶች፥ በእያንዳንዱም ርእስ ሥር አምስት ፍንጮች አሉ፤ በሁለተኛው ዙር ይኸው በእጥፍ ዋጋ ይደገማል፤ በመጨረሻ አንድ ብቻ ይቀራል። በጠቅላላው 61 ፍንጭ መሆኑ ነው። መሪው መልሱን ያነባል፤ ተወዳዳሪው ጥያቄውን ያገኛል። ለምሳሌ መሪው «ይህ ታላቅ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ይወጣል» ቢል፥ ተወዳዳሪው «ዓባይ» ብቻ ቢል አይበቃም፤ «ዓባይ ምንድን ነው?» ማለት አለበት። በእንቆቅልሽ ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤ በጄፐርዲ ደግሞ የተሳሳተ ሰው የፍንጩ ዋጋ ካለው ገንዘብ ላይ ይቀነስበታል። ስለዚህ ሳያውቁ መድፈር ያስከፍላል። «ጄፐርዲ» የሚለውም ቃል አደጋ ማለት ነው።

አሁን የመሪው ሥራ ከባድ የሆነበትን ነገር ላስረዳ። ተወዳዳሪው በእጁ የያዘውን ቁልፍ ሊጫን የሚችለው መሪው የመጨረሻውን ቃል አንብቦ ሲጨርስ ነው። ያን ጊዜ ከመድረኩ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሠራተኛ መብራት ያበራል። ከመብራቱ በፊት የተጫነ ሰው ቁልፉ ለሩብ ሴኮንድ ይቆለፍበታል፤ በዚያች ቅጽበት ሌላው ይቀድመዋል። እንግዲህ ሦስቱ ሰዎች የሚያደምጡት የመሪውን የአነባበብ ልክ ነው። ድምፁ ዛሬ ፈጥኖ ነገ ቢያዘግም፥ ወይም የባዕድ ስም ሲያጋጥመው ቢደናቀፍ፥ ዕውቀት ያለው ሰው ያለ ጥፋቱ ይሸነፋል። በአንድ ቀን አምስት ጨዋታ ስለሚቀረጽ ሚስተር ትሬቤክ ከ300 የሚበልጡ ፍንጮች በጧት አንብበው፥ የአስቸጋሪዎቹን ስሞች አጠራር አጥንተው ይገቡ ነበር። መልሱንም ስለሚያውቁ ከመድረክ በፊት ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አይገናኙም። በ1959 የሆነው ነገር ያስተማረው ጥንቃቄ ይህ ነው።

ሁሉም ሰው ያመሰገናቸው እንዳይመስለን። ተወዳዳሪ ሲሳሳት የሚያርሙበት አነጋገር ትዕቢት ያለበት ይመስላል የሚሉ ተመልካቾች ነበሩ፤ መልሱ በወረቀት ተጽፎ ከፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ዐዋቂ መምሰል ቀላል ነው ይሉ ነበር። ነገሩ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም በእኔ አስተያየት ጠያቂን የምንመዝነው በሚያውቀው ብዛት አይደለም፤ ለሦስቱም እኩል በማንበቡ ነው። በ2004 ኬን ጄኒንግስ የተባሉ ሰው 74 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው 2,520,700 ዶላር ሲወስዱ፥ በመሪው ላይ የማዳላት ክስ አልተነሣም። ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ያምን ነበር?

በ2014 አንድን ሰው መሪ አድርገው ከቀረቡት የጨዋታ ፕሮግራሞች ሁሉ በብዛት የእርሳቸው መብለጡ በዓለም መዝገብ ተጻፈ፤ ቁጥሩም ያን ጊዜ 6,829 ነበር፤ በኋላም ከ8,000 አለፈ። ከዚህም ሌላ ለ25 ዓመት በአሜሪካ የሕፃናትን የጂኦግራፊ ውድድር መርተዋል፤ ለተማሩበት ለኦታዋ ዩኒቨርሲቲም በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ሰጥተዋል።

በማርች 6 ቀን 2019 ጣፊያ አካባቢ በሚገኘው፥ በእንግሊዝኛ ፓንክሪያስ በሚባለው የአካል ክፍል፥ ካንሰር እንደያዛቸውና በሽታው አራተኛ ደረጃ እንደደረሰ ለተመልካቾቻቸው ራሳቸው ነገሯቸው። ከዚህ በሽታ የሚተርፍ ጥቂት መሆኑን አልሸሸጉም። የሥራ ውላቸው ገና ሦስት ዓመት ስለሚቀረው መዳን ግዴታቸው መሆኑንም በቀልድ ጨመሩበት። ከዚያም መድኃኒቱ እያደከማቸው፥ በቀረጻዎቹ መካከል ሕመም እየታገላቸው፥ ቆመው ማንበባቸውን ቀጠሉ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በተላለፈ ጨዋታ አንድ ወጣት ተማሪ ለመጨረሻው ፍንጭ መልስ አጥቶ፥ በሰሌዳው ላይ «አሌክስ፥ እንወድሃለን ምንድን ነው?» ብሎ ጻፈ። የጥያቄን ሥርዓት እንኳ አላፈረሰም። ሚስተር ትሬቤክ ሲያነቡት ድምፃቸው ተሰበረ። ወጣቱ ካለው 2,000 ዶላር 1,995ቱን አስይዞ ስለነበረ 5 ዶላር ብቻ ቀረው። ሚስተር ትሬቤክ አመስግነውት፥ የቀረለትን አምስት ዶላር ተናግረው ወደሚቀጥለው ተወዳዳሪ አለፉ። መልሱ ትክክል አልነበረምና ገንዘቡ ተቀነሰ።

ለመጨረሻ ጊዜ የቀረጹት በኦክቶበር 29 ቀን 2020 ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፥ በኖቬምበር 8፥ በሎስ አንጀለስ በቤታቸው ሳሉ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። የቀረጿቸው ጨዋታዎች ግን እስከ ጃንዋሪ 8 ቀን 2021 መተላለፋቸው አልተቋረጠም። በሚቀጥለው ሳምንት በእርሳቸው ቦታ ቆመው ፍንጩን ያነበቡት፥ ያ 74 ጊዜ ያሸነፉት ኬን ጄኒንግስ ነበሩ።