ዝናብና ጎማ በሚድ ኦሃዮ

ጥያቄ፦ በሚድ ኦሃዮ የመኪና እሽቅድድም ላይ ዝናብ ሲጥል የማሸነፍ ዕድል ለምን ይለዋወጣል?

መልስ፦ የደረቅ አስፋልት ጎማ ልሙጥ ነው፤ ውሃ የሚያስወጣበት ቦይ ስለሌለው መኪናው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የዝናብ ጎማ ቦይ አለው፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆነ መንገዱ ሲደርቅ ቶሎ ግሎ ያልቃል። ጎበዝ ሹፌር ያኔ ጎማውን ለማቀዝቀዝ ሆን ብሎ ውሃ ያቆረበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ በጣም የማደንቀው ይህን ነው። ሌላም አለ፦ በደረቅ ጊዜ ሁሉም የሚነዱበት መስመር የጎማ ቅሪት ስለሚለጠፍበት ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ወጣ ብሎ መንዳት ይሻላል። ጎማ የሚቀየርበት ጊዜም ወሳኝ ነው፦ የሚድ ኦሃዮ አንድ ዙር 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎማ ለመቀየር አንድ ዙር የዘገየ ያን ሁሉ መንገድ በተሳሳተ ጎማ ይዞራል፤ መሪነቱንም የሚያጣው እዚያው ነው።